ከተራራ ጋር የሚስማማ የአርማታ ቤት እንዴት ይነደፋል?

የሐይቅ ሰው፦
እንደምን ሰነበታችሁ? ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ አምባሰል በሚታይበት ተዳፋት ላይ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ለመሥራት አስበናል። ዳገቱን ቆርጦ፣ ደማቅ ቀለም ቀብቶና የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ አልብሶ ከሩቅ ዓይን የሚወጋ ሕንፃ ማቆም አልፈልግም። ስምጥ ሸለቆው ቅርብ በመሆኑ የመሬት መንቀጥቀጥን በማሰብ አርማታ መርጠናል። ውጪውን ድንጋይ ብናለብሰው ይበቃል ወይስ ከንድፉ መጀመር አለብን?

አርክቴክት ከደሴ፦
ከመሬቱ ቢጀምሩ ይሻላል። ቤትን ከተራራው የሚነጥለው ከግድግዳው ቀለም ይልቅ ቦታውን ለማስተካከል የሚቆረጠው ዳገት ነው፤ ሰፊ ሕንፃ በአንድ ወለል ላይ ለማሳረፍ የተቆረጠ ዳገት ተልጦ ይቀራል፣ ክረምት በመጣ ቁጥርም ይሸረሸራል። ክፍሎቹን ለያይተው፣ ገበሬው እርከን እንደሚሠራ የኮንቱር መስመሩን (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን መስመር) ተከትለው ቢያወርዷቸው ቁፋሮውም ደጋፊ ግንቡም ያንሳል። የአምባሰል ገደልም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየተደራረበ የፈሰሰ የባዛልት (ከእሳተ ገሞራ ቅልጥ የተፈጠረ ጥቁር ድንጋይ) ንብርብር ስለሆነ፣ አግድም መስመር የሚበዛበት ዝቅ ያለ ቤት ይስማማዋል።

ስለ ድንጋዩ ለጠየቁት፣ በስዊዘርላንድ ቫልስ መንደር እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀውን የአርክቴክት ፒተር ዙምቶር የፍል ውሃ ሕንፃ ይመልከቱ። ከፊሉ ዳገት ውስጥ ገብቷል፣ ጣሪያው ሣር ለብሷል፤ በስስ የተሰነጠቀው የአካባቢው ኳርትዛይት ድንጋይም በኋላ የተለጠፈ ሳይሆን ከኮንክሪቱ ጋር አብሮ ሸክም የሚሸከም ነው። እኛ ዘንድ ግን ቀላሉ መንገድ ጠጠሩን ከዚያው ባዛልት መርጦ፣ ኮንክሪቱ ከጠነከረ በኋላ ላዩን በመዶሻ ጠርቦ ጠጠሩን ማውጣት ነው፤ ግድግዳው ያለ ልስንና ያለ ቀለም የገደሉን ጥቁር ግራጫ መልክ ይይዛል። የሚጠረበው ውፍረት ግን በፌሮው ሽፋን (ፌሮውን በሚሸፍነው ኮንክሪት ውፍረት) ላይ አስቀድሞ መጨመር አለበት፤ አለዚያ ፌሮው ይዝጋል።

ሲቪል መሐንዲስ፣ ኮምቦልቻ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ በሣር ጣሪያው ላይ ግን ይጠንቀቁ። 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ውሃ ሲጠግብ በካሬ ሜትር ወደ 300 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ሶሌታውና ኮለኑ (የአርማታ ጣሪያውና ምሰሶው) ከመነሻው ለዚያ ጭነት መሰላት አለባቸው። የሚያብጠውንና የሚሰነጠቀውን ጥቁር ዋልካ ለጣሪያም ለሙሌትም አይጠቀሙ። ከደጋፊ ግንቡ ጀርባ ጠጠርና የውሃ ማስወጫ ቱቦ ይኑር፤ ብዙ ግንብ የሚገለብጠው መውጫ ያጣ ውሃ ነው። በተለያየ ከፍታ የሚያርፉት ክፍሎችም በመንቀጥቀጥ ጊዜ እንዳይጋጩ በመካከላቸው ክፍተት ይተው፤ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው በዚሁ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው።

የሐይቅ ሰው፦
እጅግ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ንድፉን ከማሠራታችን በፊት የቦታውን ኮንቱር በቀያሽ እናስለካለን። ጣሪያውን በከፊል ሣር፣ በከፊል ደግሞ የማያብለጨልጭ ጥቁር ግራጫ ቆርቆሮ ብናደርገው፣ ከሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ውሃ እንዳይሰርግ ምን ትመክሩኛላችሁ?