የፖይንት ጫማ ተላከላት፣ እግሯ ግን ገና ይንገዳገዳል፤ ምን ላሠራት?

ጥያቄ፦ እናት ከባሕር ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 12 ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ እያለን ሁለት ዓመት ያህል የባሌት ዳንስ ተምራለች። ባሕር ዳር ከመጣን ወዲህ ግን አስተማሪ አላገኘሁላትም፤ ሳሎን ውስጥ ቪዲዮ እያየች ነው የምትሠራው። አሁን ደግሞ አክስቷ ከውጭ የፖይንት ጫማ ላከችላት። ያው ጣት ጫፍ ላይ የሚቆምበት፣ አፍንጫው ደረቅ የሆነው። ካላደረግሁት ብላ ቤቱን አናውጣዋለች። በአንድ እግሯ ስትቆም ግን ትንገዳገዳለች። ልፍቀድላት? እግሯ እንዲጠነክርስ ምን ላሠራት?

መልስ፦ ባለ ባጃጅ
እህቴ፣ 12 ከሞላት ምን ችግር አለው? ጫፉ ላይ ጥጥ ጠቅጠቅ አድርጋ ትሞክረው። ልጅ ቶሎ ይለምዳል።

መልስ፦ የድሮ ተማሪ
ኧረ በናትህ ወንድሜ! እትዬ፣ እንዳይሰሙት። የጫማው አፍንጫ ጨርቅና ወረቀት በሙጫ ተደራርቦ የደረቀ ነው። ደግፎ ይይዛል እንጂ ደካማ እግር አያቆምም። 12 ዓመት ደግሞ ብዙ ጊዜ «ከዚህ በፊት አይሆንም» የሚባልበት ዕድሜ ነው፤ ስለሞላ ብቻ አይፈቀድም። ፖይንት ሲጀመርም መደገፊያ ተይዞ፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ አስተማሪ እያየ ነው። ሳሎን ውስጥ ለብቻዋ? በፍጹም።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ
ጫማውን ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ እግሯን ዘርግታ ትቀመጥና ጣቶቿን ወደፊት ትቀስር። የእግሯ ጀርባ ከቅልጥሟ ጋር ቀጥ ያለ መስመር ካልሠራ ቁርጭምጭሚቷ ገና ነው። በጉልበት እንዳትጫኑት።

ዋናው ሥራ ተረከዝ ማንሳት ነው። ግድግዳ ነካ አድርጋ በሁለት እግር ትጀምር፤ ሲቀላት በአንድ። ጉልበቷ ቀጥ ይበል። ቀስ ብላ ትውጣ፣ ይበልጥ ቀስ ብላ ትውረድ። ክብደቷ አውራ ጣትና ሁለተኛው ጣት ላይ ይረፍ። ቁርጭምጭሚቷ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ከወደቀ እዚያው ታቁም፤ ተበላሽቶ የተሠራው አይቆጠርም። በአንድ እግር 20 ጊዜ ያህል ከፍታው ሳይቀንስ ከሠራች ጥሩ ምልክት ነው።

ከዚያ የውስጥ እግሯ። ወንበር ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ሳታጥፍ፣ ረዝመው መሬት እንደነኩ፣ የውስጥ እግሯን ጎድጓዳ ክፍል ወደ ላይ ትሳብ። ፎጣ በጣት መጨበጥ የሚያሠሩ አሉ፤ እኔ ለፖይንት ጀማሪ አልወደውም። ጣት ማጠፍ ያስለምዳል፣ ጫማው ውስጥ የሚፈለገው ደግሞ የተዘረጋ ጣት ነው።

ለሚዛን ጥርሷን ስትቦርሽ በአንድ እግር ትቁም። ሲለመድ ሰው አጠገቧ ሆኖ ዓይኗን ትጨፍን። የሆድና የወገብ ጡንቻም አይረሳ፤ ከላይ የላላ ሰው ከታች ይንገዳገዳል። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይበቃል። ከተረከዟ በላይ ጅማቱ ወይም ከቁርጭምጭሚቷ ኋላ ካመማት አቁሙና አሳዩዋት።

መልስ፦ የጣና ልጅ
የላስቲክ ገመድ ካጣችሁ ባሕር ዳር ብስክሌት ሞልቷል፤ ጎሚስታ ቤት ያረጀ ከመነዳሪ ጠይቁ። ቆርጣችሁ እግሯ ላይ አስራችሁ ወደ ውጭ ትግፋበት። ጣና ዳር ውኃ ውስጥ ቆማ ሚዛን ብትለማመድስ?

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ
ከመነዳሪው ጎበዝ! ውኃው ይቅር፤ ጣና ቢልሃርዝያ አለበት። ሣር ላይ ይሁን።

እናት ከባሕር ዳር
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ በአንድ እግር ሞከረች፤ ግማሽ ሳትደርስ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውጭ ወደቀ። ቤታችን ሴራሚክ ነው፣ ዝላይም ትወዳለች። ይጎዳታል? ጫማውንስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ የድሮ ተማሪ
ሴራሚክና ሲሚንቶ ላይ ዝላይ ይቅርባት፣ ሌላው እንቅስቃሴ ችግር የለውም። ጫማው የተገዛው እግሯ ሳይለካ ከሆነ ላይሆናት ይችላል፤ ስፋቱም፣ የሶሉ ጥንካሬም በእግር ነው የሚመረጠው። ደግሞ እያደገች ነው። ማሰሪያ ሪባኑን እንዳይሰፉበት፤ የተሰፋበትን ሱቆች ብዙ ጊዜ አይመልሱም። አክስቷ ደረሰኙን ካልጣለች አሁኑኑ ይደውሉላት።