ጥቆማ፦ ጅማ ውስጥ ድንገት ብንታመም ወይም ብንዛወር ውሻና ድመታችንን ለማን እንስጥ?

ሪፈር ተጽፎላችሁ በማግስቱ አዲስ አበባ ግቡ ብትባሉ ውሻችሁን ማን ያበላዋል? ይህ ጤና እያለ የሚታሰብ ነገር ነው። እዚህ ያሉትን አማራጮች ላነጻጽርላችሁ።

እኔ የማስቀድመው የቅርብ ጎረቤት ነው። ውሻው ከለመደው ግቢ አይወጣም፣ ጥበቃውም አይቋረጥም። ግን አደራው በአፍ ብቻ እንዳይቀር። ጎረቤታችሁ ከአሁኑ አልፎ አልፎ ያብላው፣ ሰንሰለቱን ይፍታው፣ መልሶም ይሰረው። ጠባቂ ውሻ ባለቤቱ በሌለበት ምግብ ይዞ የመጣውንም ሰው ይነክሳል። ወጪውንም በጎረቤት ላይ አትጣሉ፤ የትም ብትሆኑ በቴሌብር መላክ ይቻላል።

አጋሮ ወይም ሰቃ ያለ ዘመድ ሰፊ ግቢ ስላለው ለውሻ ጥሩ ነው። ለድመት ግን አልመክርም። ድመት ከሰው ይልቅ ቤት ትለምዳለች፤ አዲስ ቦታ ወዲያው ከለቀቋት ትጠፋለች። የግድ ከሆነ መጀመሪያ ለሳምንታት አንድ ክፍል ውስጥ ትቆይ። ስትወስዷትም እባካችሁ በማዳበሪያ ቋጥራችሁ ባጃጅ ላይ አትጫኗት። የተበሳሳ ካርቶን ይበቃል።

ለእንስሳት ሕክምና ተማሪ ከፍሎ ማሠራትም ይቻላል። ሕመም ቶሎ ይለያል። ችግሩ ፈተናና እረፍት ሲመጣ ነው፤ ስለዚህ ለአጭር ጊዜ እንጂ ለዝውውር አይሆንም።

የትኛውንም ብትመርጡ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ክሊኒክን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ይታደስ፣ ካርዱም ተረካቢው እጅ ይሁን። ውሻው ሰው ቢነክስ ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። ይህን ለተረካቢው ሳትነግሩ አትሂዱ።

አንድ ወረቀት ጽፋችሁ ኩሽና በር ላይ ለጥፉ። ምን እንደሚበላ፣ በቀን ስንቴ፣ መድኃኒት ካለው መጠኑ። የወጥ ትራፊ እንዳይሰጡት በጉልህ ጻፉ፤ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ደም ይጎዳል። ድመት ታመመች ብሎ ፓራሲታሞል መስጠት ደግሞ መግደል ነው። ከታች የሁለት ሰው ስልክ ይኑር፤ አንዱ ባይመች ሌላው ቁልፍ ይዞ ይምጣ።

ፈረንጅ አራዳ ወይም ቆጪ አካባቢ ውሻ በክፍያ ተቀብሎ የሚያሳድር የታመነ ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ ዋጋውን ጨምራችሁ ከሥር ጻፉልን።