ጥቆማ፦ ማሊቡ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰርፍ ልሞክር ነው፤ ቦርድና ዌትሱት የት ልከራይ?

የፌርፋክሷ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሎስ አንጀለስ ነው የምኖረው። ሁለት ዓመት ገንዳ ውስጥ ዋና ተምሬ አሁን ጎበዝ ሆኛለሁ። ኦገስት ላይ ማሊቡ፣ ፈርስት ፖይንት የሚባለው ቦታ፣ ሰርፍ (ቦርድ ላይ ቆሞ በማዕበል መንሸራተት) መሞከር እፈልጋለሁ። ቦርድና ዌትሱት (ከቀዝቃዛ ውሃ የሚከላከለውን የጎማ ልብስ) ማን ጋ ልከራይ? ለአስተማሪ መክፈል ያዋጣል? ወይስ ዌቭስቶርም የሚባለውን ለስላሳ ቦርድ ልግዛ?

ሸገር_ቫሊ፦ ቫል ሰርፍ ሂጂ፣ አለቀ። ከ1962 ጀምሮ ያለ ሱቅ ነው። ዌትሱቴን እዚያ ገዝቼ ስድስት ዓመት ለበስኩት፤ ስፌቱ እንኳ አልላላም።

ማሂ_ቶራንስ፦ ከመከራየትሽ በፊት የኔን ስሚ። ባለፈው በጋ ከአንድ ሱቅ ጠንካራ ቦርድ ተከራየሁ፤ ስሙን አልጠራም። ስመልስ ልጁ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰና የጥፍር ቁራጭ የምታክል ስንጥቅ አሳየኝ። ካስያዝኩት ዲፖዚት 140 ዶላር ቆረጡ። ስወስደው ትኑር አትኑር በምን ላረጋግጥ? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አባ_ዳኒ፦ ቪዲዮ መቅረጽ ነበረብሽ። እኔ መኪና ስከራይ አራቱንም ጎን ሳልቀርጽ ቁልፍ አልቀበልም።

ማሂ_ቶራንስ፦ ልክ ነህ፣ ግን ያኔ ማን አሰበው? ባህሩን እያየሁ ቸኩዬ ነበር።

ሸገር_ቫሊ፦ ቫል ሰርፍ ብትሄጂ ይሄ አይደርስብሽም ነበር።

ማሂ_ቶራንስ፦ አንተ ከነሱ ተከራይተህ ታውቃለህ?

ሸገር_ቫሊ፦ አላውቅም። ሰዎቹን ግን አምናቸዋለሁ።

ቤቲ_ኢንግልዉድ፦ ስለ ቦርድ አላውቅም የኔ እህት፤ ጸጉርሽን ግን ሹሩባ ተሠሪ። ከመግባትሽ በፊት በንጹሕ ውሃ አርጥቢው። ደረቅ ጸጉር ጨዋማውን ውሃ ምጥጥ ያደርጋል። እኔ ሳላውቅ ገብቼ ሳምንት ሙሉ ማበጠሪያ አልገባው አለኝ።

ማሂ_ቶራንስ፦ ቤቲዬ፣ ሹሩባሽን የት ነው የምትሠሪው?

ቁም_ነገር፦ ልጅቷ ስለ ባህር ጠየቀች። እስካሁን ዲፖዚት፣ የመኪና ኪራይና ሹሩባ አግኝታለች። እንጀራ የት እንደሚሸጥም ንገሯትና ይሙላላት።

ቤቲ_ኢንግልዉድ፦ ጸጉርም ቁም ነገር ነው ወንድሜ።

የጠዋት_ሞገድ፦ እህቴ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ስምንት ዓመት ሰርፍ አድርጌያለሁ፣ የማውቀውን ልንገርሽ። ፈርስት ፖይንት በጣም ያምራል። ማዕበሉ ማሊቡ ክሪክ የሚባለው ወንዝ ባወረደው ድንጋይ ላይ ተሰብሮ ወደ ፒሩ (ባህር ውስጥ የገባው የእንጨት መድረክ) አቅጣጫ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ወደ ዳርቻው ዞረሽ ስትቆሚ ወደ ቀኝሽ ማለት ነው። በበጋ የሚያምረውም በደቡብ ንፍቀ ክበብ ክረምት ስለሆነ ነው፤ የዚያ ማዕበል ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ እዚህ ይደርሳል።

አስቸጋሪው ሰዉ ነው። ኦገስት ላይ ቦርድ በቦርድ ይሆናል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ማዕበሉ መሰበር ለሚጀምርበት ቦታ የቀረበው ሰው ቅድሚያ አለው። እሱ ከተነሣ ከፊቱ አትግቢ። ሲመጣብሽ ደንግጠሽ ቦርድሽን አትልቀቂ፤ ከኋላሽ ያለውን ሰው ይመታል። ይህን ማሊቡ ላይ ልማር ካልሽ ሌላውንም ራስሽንም ትጎጃለሽ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሦስት አራት ቀን ሳንታ ሞኒካ ሞክሪ። ታቹ አሸዋ ነው፣ አስተማሪም ሞልቷል። ለአስተማሪ ክፈይ፣ አትቆጪም። ከከተማው ፈቃድ እንዳለው ግን ጠይቂ። ዌቭስቶርም ለጀማሪ በቂ ነው፤ 8 ጫማ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሰው ቢነካም ጉዳቱ ያንሳል። ዌትሱት 3/2 ይበቃሻል፤ ደረቱ 3፣ እጅና እግሩ 2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ስትለኪው ጎንበስ በይ፤ ወገብሽ ላይ ክፍተት ካለ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባል።

ማሊቡ ስትደርሺ ውሃው ዝቅ ሲል አትግቢ፣ ድንጋዩ ቅርብ ነው። ስትወድቂ ዘርጋ ብለሽ ውደቂ፣ በጭንቅላት አትጥለቂ። ስትወጪ በሁለት እጅሽ ራስሽን ሸፍኚ፤ ቦርዱ የት እንዳለ አታውቂም። ዝናብ ከዘነበ 72 ሰዓት ጠብቂ፣ ቆሻሻው ሁሉ በወንዙ ይወርዳል።

ቁም_ነገር፦ ይኸው! ተባረክ።

አባ_ዳኒ፦ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅስ ያው ቦርድ ይሆናል?

የጠዋት_ሞገድ፦ ይሆናል። ግን አንተም አብረኸው ውሃው ውስጥ ሁን።

ሸገር_ቫሊ፦ ሁሉም ጥሩ ነው። ዌትሱቱን ቫል ሰርፍ ግዢ።

የፌርፋክሷ፦ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ፒሩ ላይ ቆሜ ሰርፍ የሚያደርጉትን አንድ ሰዓት ሙሉ አየሁ። ጸጉሯ ሙሉ በሙሉ የሸበተ ሴትዮ ቦርዷ ላይ እንደ ቆመች፣ ቀስ ብላ እየተራመደች ጫፉ ድረስ ሄደች። ዳርቻው ጋ እስክትደርስ ዓይኔን አልነቀልኩም። ቤቲዬ፣ ሹሩባ የምትሠራልሽ ልጅ እሑድ ትሠራለች?