ለኬጂ ልጅ ሂሳብ በተረት መጽሐፍ ወይስ በደብተር? እንከራከርበት

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የልጄ አስተማሪ በሳምንት ሁለት ቀን የቁጥር ሆምወርኩን አስቀርታ በስዕል የተሰራ ተረት እያነበበች ሂሳብ ላስተምር ስትል ወላጅ ለሁለት ተከፈለ። እኔ ደግፌያለሁ። ልጄ ከ1 እስከ 100 እንደ ውሃ ጠጥቶታል፣ ትናንት ግን አምስት ሲኒ አምጣልኝ ስለው እጁ የቻለውን ያህል ታቅፎ መጣ። ታዲያ ይሄ ቁጥር ያውቃል ይባላል?

አባት ነኝ፦
እህቴ አልስማማም። ተረት አያቱም ትነግረዋለች፣ ለትምህርት ቤት የምንከፍለው ለዛ አይደለም። አንደኛ ክፍል ሲገባ የሚጠየቀው ጽፎ ነው፣ እጁ ካልተለማመደ ከጓደኞቹ ወደኋላ ይቀራል። መጽሐፉስ ስንት ነው ዋጋው?

የኬጂ አስተማሪ፦
ወንድሜ የጽሁፉ ስጋትዎ ይገባኛል ግን ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ልንገርዎት። አንድ ገጽ ላይ ሶስት እንግዶች ተቀምጠዋል፣ ረከቦቱ ላይ አምስት ሲኒ አለ። ለሁሉም ይደርሳል ወይ ብዬ ዝም እላለሁ። አንዷ ተነስታ በጣቷ ሰውና ሲኒ ታገናኛለች ከዛ ሁለት ተረፈ ትላለች፣ መቀነስ የሚባል ቃል ሳትሰማ ቀነሰች ማለት ነው። አቦል ቶና በረካ ሲባል አንደኛ ሁለተኛ ሶስተኛ ወዲያው ይገባቸዋል። ድፎ ዳቦው ለአራት ተቆርሶ አንዱ ቁራሽ ተለቅ ብሎ ከተሳለማ ክፍሉ በጩኸት ይሞላል፣ እኩል አይደለም! ይላሉ።

የ7ኛ ክፍል ሂሳብ መምህር፦
እሷ ያለችው ዳቦ ነው እኔ ጋ የሚጎድለው። አንድ አራተኛ ከአንድ ሶስተኛ ይበልጣል የሚሉኝ ተማሪዎች አሉ፣ ለምን ስላቸው 4 ከ3 ስለሚበልጥ ይላሉ። ግን ልብ በሉ፣ ገበያ ላይ ካየኋቸው መጽሐፎች አንዳንዶቹ ስድስት ዶሮ ብለው አምስት የሳሉ ናቸው፣ እንደዛ አይነቱ ከነጭራሹ ባይነበብ ይሻላል።

ከቨርጂኒያ፦
እዚህ አሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2015 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ፣ 587 የአንደኛ ክፍል ልጆች ላይ። ቤተሰብ ማታ ማታ አጭር ታሪክ አንብቦ የሂሳብ ጥያቄውን ከልጁ ጋር ሲያወራ በተለይ ሂሳብ የሚፈሩ ወላጆች ልጆች ናቸው በደንብ የተሻሻሉት። እኔ ራሴ ሂሳብ ስለምፈራ ለልጄ ማስረዳት ይከብደኝ ነበር፣ ታሪክ ማንበብ ግን አያቅተኝም።

አባት ነኝ፦
እሱ እንኳን ጥሩ ነው፣ ግን ቤት ውስጥ ወላጅ ለአንድ ልጅ ማንበብና 40 ልጅ ባለበት ክፍል ማንበብ አንድ አይደለም፣ ከኋላ የተቀመጠው ስዕሉን በምን ያየዋል? ሁለቱ ቀን ይሁን እሺ፣ በሌሎቹ ቀናት ግን ጽሁፉ እንዳይቀር።

የኬጂ አስተማሪ፦
ጽሁፉ አይቀርም። ስለ ስዕሉ ልክ ነዎት፣ ለዛ ነው እኔ የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ላይ አተልቄ የምስለው፣ ለዋጋውም መልስ ይሆናል። ያለቀበት ካላንደር ያላችሁ ወላጆች ሰኞ ከልጆቻችሁ ጋር ላኩልኝ።