ዋሻ ለማየት ካሰባችሁ ከሶፍ ዑመር ጀምሩ

አገራችን ካሉት ዋሻዎች የትኛውን እንይ ለምትሉ፣ የእኔ ምርጫ አንድና ግልጽ ነው፦ ሶፍ ዑመር። ሌሎቹም ደስ ይላሉ፤ ግን ጉዞው ለዋሻ ብቻ ከሆነ እሱን የሚያህል የለም።

ያለው ባሌ ውስጥ ነው። ከሮቤ ተነስታችሁ በጎሮ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛላችሁ። ዌይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን በብዙ ሺህ ዓመታት እያሟሟ ሰርስሮ፣ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል። የተለካው መተላለፊያ በድምሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎብኚ የሚሄደው ከዚያ ላይ ጥቂቱን ብቻ ቢሆንም በቂ ነው። ማንም ያልጠረባቸው ግዙፍ አምዶች ጣሪያውን ተሸክመው ቆመዋል፤ ሰው አንጋጦ ማየቱን አይጠግብም።

ለእኔ ከአምዶቹ እኩል የሚያስደንቀው ቦታው ዛሬም የሚጸለይበት መሆኑ ነው። ሼህ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር እዚህ ተጠግተው እንደኖሩ ይነገራል። ምዕመናን እስካሁን ለዚያራ ይመጣሉ። ስለዚህ አለባበሳችሁ ጨዋ ይሁን፣ አትጩኹ፣ እባካችሁ ግድግዳው ላይ ስማችሁን አትጻፉ!

ጊዜውን በደንብ ምረጡ። ውስጥ ለውስጥ ስትሄዱ ወንዙን በእግር መሻገር አለ፤ ውሃ ሲሞላ አይሞከርም። በዚያ አካባቢ ደግሞ በበልግም ይዘንባል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይሻላል።

አስጎብኚን በተመለከተ፣ ከከተማ ይዛችሁት የምትሄዱት ሰው መንገዱን ቢያውቅም እዚያው ተወልዶ ያደገውን አይተካም። ውሃው የት ጥልቅ እንደሆነ፣ የትኛው መታጠፊያ እንደማያስወጣ የሚያውቀው የአካባቢው ልጅ ነው። መብራትም ቢሆን በስልካችሁ አትተማመኑ። አንድ እጃችሁን ይይዝባችኋል፤ ከእጃችሁ ካመለጠም ወንዝ ውስጥ ነው። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ያዙ። ጫማችሁ ቢረጥብ የማይጨነቅበትና የማያንሸራትት ይሁን።

ላሊበላ የምትሄዱ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እዚያ ያሉት ዋሻ ውስጥ የተሠሩ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ቀን ካላችሁ ይምርሐነ ክርስቶስን አትለፉት። በዛጉዌው ንጉሥ በይምርሐነ ክርስቶስ ዘመን፣ ማለትም ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በፊት እንደተሠራ ይነገራል። እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተነባበረበት ግድግዳ የአክሱምን አሠራር በደንብ ያሳያል። ከጀርባው የብዙ ሰው አፅም አለ፤ ምዕመናን ለመሳለም መጥተው እዚያው ያረፉ ሰዎች ናቸው ይላሉ። ከመኪና ከወረዳችሁ በኋላ በጥድ መሃል ዳገት ስላለ ከአዛውንት ጋር ከሆናችሁ ቀስ በሉ። ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ ነአኵቶ ለአብ ለከተማው ቅርብ ነው። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ በድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ እንደ ጠበልም ይወሰዳል።

ጥንታዊ ታሪክ ለሚስባችሁ ደግሞ ድሬዳዋ አጠገብ ያለው ፖርክ ኤፒክ አለ። በ1929 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተመራማሪዎች ዘንድ ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ቁፋሮዎች የድንጋይ መሣሪያዎችና 40 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ባለ ቀለም ማዕድን ተገኝቷል። የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ ሰዎች ይህን ማዕድን እየፈጩ ቀለም ያወጡ ነበር። ግድግዳውም ላይ ሥዕል አለ፣ ደብዝዟል እንጂ። እውነቱን ለመናገር፣ አስቀድሞ ያላነበበ ሰው እዚያ ደርሶ «ይኸው ነው?» ሊል ይችላል። አንብባችሁ ሂዱ። አቀበቱ ቀጥ ያለ ነው፤ የድሬ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ውጡ፣ ውሃም በደንብ ያዙ።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመነሳታችሁ በፊት ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታና የፈቃዱን ነገር ጠይቁ።