ወንድሜ ሱስ ይዞታል፤ አብረን ነው የምንኖረው፤ ቤታችን ግን መተማመን ጠፍቶበታል

የልጅ እናት (ጀሞ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ይህን ለጎረቤት አልነግርም። ለዘመድ ብናገር ደግሞ ወሬው ዞሮ እናቴ ጆሮ ይገባል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነው። እናቴ፣ እኔ፣ የስድስት ዓመት ልጄና ታናሽ ወንድሜ አለን። ወንድሜ የግንባታ ፎርማን ነበር። ጎበዝ ሠራተኛ። እናቴ የዓይን ሞራዋን ስትገፈፍ ሙሉ ወጪውን የቻለው እሱ ነው። ሳይት ላይ ከመወጣጫ ወድቆ ወገቡን ተጎዳ። ለሕመሙ ትራማዶል ታዘዘለት። የታዘዘው ሲያልቅ ያለ ማዘዣ የሚሸጡለት ሰዎች አገኘ። ጫት ድሮም ይቅም ነበር፣ ግን እሁድ እሁድ ብቻ። አሁን ከሰዓት ጫት፣ ማታ ለጨብሲ መጠጥ፣ ጠዋት ደግሞ ገና ከአልጋው ሳይወርድ ኪኒን። ሥራውን ካጣ ቆይቷል።

ከቤት የጠፋውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ከቦርሳዬ መቶ ሁለት መቶ ብር ይጎድል ነበር። ከዚያ የጋዝ ሲሊንደሩ ሄደ። «ላስሞላው ወስጄው ነው» አለን፤ በከሰል ስንሠራ ሰነበትን። ብረት ድስቱን ለቆራሌው ሸጠው። የእናቴ የወርቅ ጉትቻ ጠፋ። የስልኳን የምስጢር ቁጥር ስለሚያውቅ በቴሌብር በስሟ ተበደረባት። ያወቅነው ብሩ ከሒሳቧ ሲቆረጥ ነው።

ያንገበገበኝ ግን የማኅበሩ ብር ነው። እናቴ የጽዋ ማኅበራቸው ገንዘብ ያዥ ናት። የሰው አደራ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላዎቿ ሥር ታስቀምጠው ነበር። ወሰደው። ከእኔ ተበድራ ተካችው። ለማንም አልተናገረችም። ዛሬም ድረስ «እሱ አልነካውም፣ የት እንዳኖርኩት ረስቼ ነው» ትለኛለች። እንዳልረሳች ሁለታችንም እናውቃለን።

ይምላል ደግሞ። «እማዬ ትሙት» ይላል፣ እናቴ እፊቱ ተቀምጣ። ሱቅ ሄዶ በእሷ ስም ዱቤ ይወስዳል። ጎረቤት ቤት ገብቶ «የጓደኛዬ አባት ሞቶ ለቅሶ ልሄድ ነው» ብሎ ይበደራል። እኔ ሽንት ቤት ስገባ እንኳ ቦርሳዬን ይዤ ነው። ሌሊት ኮሽ ሲል እነቃለሁ።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ልጄን ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው። ደህና በሆነበት ጠዋት ቡና ይቆላልናል፣ ያጫውተናል። ልጄ አጎቷን ትወደዋለች። ባለፈው ግን ከፍራሹ ሥር የኪኒን ማሸጊያ አግኝታ «ይሄ ከረሜላ ነው?» ብላ አመጣችልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

የመኝታ ክፍሌን በር ልቆልፍ ስል እናቴ «ልጄ በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ አይቆለፍበትም» ብላ አኮረፈችኝ። አጎታችን «አስወጡት» ይላል። ሌሎች ዘመዶች ደግሞ «አንድ ክፍል ዝጉበትና ጥቂት ቀን ይሠቃይ፣ ይለቀዋል» ይላሉ። የቱን ላድርግ? ከእናቴ ሳልጣላ ልጄን እንዴት ነው የምጠብቀው? እሱስ ወዴት ይወሰዳል?

እማማ ከኮተቤ

ልጄ፣ አይዞሽ። የእህቴ ልጅ እኔ ቤት ነው ያደገው። እሱን የያዘው አረቄ ነበር። የጻፍሽው ሁሉ በቤቴ አልፏል፤ ሲሊንደሩም ሳይቀር።

ቆልፊ። ዛሬ ጓጉንቸር ግዢ። ስለ ወንድምሽ ክፉነት ከእናትሽ ጋር አትከራከሪ፤ በዚያ አታሸንፊያትም። ስለ ሕፃኗ ንገሪያት። «ኪኒን አገኘች፣ ብትውጠው ምን ይውጠን ነበር?» በያት። አያት ናት፣ ይገባታል። ቁልፉን ግን ለእሷ አትስጪ። ሲለምናት ትከፍትለታለች፤ ከዚያ በሁለት በኩል ትጎዳለች።

የማኅበሩ ብር ከእንግዲህ እናንተ ቤት አይደር። እናትሽ «ዓይኔም ደክሟል፣ ዕድሜዬም ገፍቷል» ብላ ለሌላ ታስረክብ። ዓይኗን እንደታከመች ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ምክንያት አይጠይቃትም። ገመናችሁም አይወጣም፣ አደራውም ይድናል። እኔ የእድራችንን ብር ያስረከብኩት በዚህ መንገድ ነው።

ባለ ሱቆቹን አንድ በአንድ እየዞርሽ አነጋግሪ። «በእናቴ ስም የሚሰጥ ዱቤ ከዛሬ ጀምሮ አንከፍልም» በያቸው። እንደ ጠብ አይሁን፣ ቀስ ብለሽ። ታፍሪያለሽ፣ አውቃለሁ። አንዱ ባለ ሱቅ እኔን «እማማ፣ ሦስት ቤት እንዲህ ብለውኛል» አለኝ። በየቤቱ ያለ ጉድ ነው።

እናትሽ እምቢ ካለች የንስሐ አባታችሁን ጥሪ። አስቀድመሽ ለብቻቸው አጫውቻቸው። ከአንቺ አፍ ሲወጣ ጭካኔ የሚመስላት ነገር ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ምክር ይሆንላታል።

ምግብ ግን እንዳትከለክሉት። ሳህኑ ከእናንተ ጋር ይቅረብ። ብር ብቻ በእጁ አይግባ፤ ለታክሲ ብሎም ቢጠይቅ።

የመገናኛው

አጎትሽን እደግፋለሁ። ልጅ ያለችበት ቤት ነው። እኛ ወንድማችንን ስናስወጣ ግን ጎዳና አልጣልነውም። አክስታችን ግቢ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራየንለት። ኪራዩን ለአክስታችን በቀጥታ እንከፍላለን። ምሳ እኛ ጋ መጥቶ ይበላል። ቤታችን ተነፈሰ። እሱ ዳነ አልልሽም፣ ገና ነው። እኔና ባለቤቴ ግን መጨቃጨቅ አቁመናል።

ሲስተር (የአእምሮ ጤና ነርስ)

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ ክፍል እንዳትዘጉበት። ይህን የሚመክሯችሁ ዘመዶች ለደግ ነው፤ ግን ሰው ይሞታል።

ትራማዶል ከሞርፊን ወገን የሚመደብ ማስታገሻ ነው። ብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም ያልበዋል፣ ያዛጋዋል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይቅበጠበጣል። ምን ያህል ሰውነትን እንደሚያስጨንቅ አይቶ የማያውቅ ሰው «ተውኔት ነው» ይላል። ተውኔት አይደለም። ከዚህም ሌላ ትራማዶል በብዛት ሲወሰድ ሰውን እንደሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ወንድምሽ በየማታው የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ መጠጡን በአንድ ጊዜ ማቆም ራሱ አደገኛ ነው፤ መንቀጥቀጥና መቃዠት ያመጣል፣ ሊገድልም ይችላል። ሁለቱንም አንድ ላይ ተነጥቆ በር የተዘጋበት ሰው ማን ይደርስለታል? የሚቀነሰው በሐኪም እጅ፣ ቀስ በቀስ ነው። ጫቱ በዚህ በኩል ይቀላል። ይደብተዋል፣ ብዙ ይተኛል፣ ዱካክ (ቅዠት) ያስጨንቀዋል፣ ከዚያ ያልፋል።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ቤተሰብ የማይነገረው ነው። ሰው ለጥቂት ሳምንት ከኪኒኑ ርቆ ሲቆይ ሰውነቱ የለመደውን መጠን መቋቋም ይተዋል። ከዚያ አንድ ቀን ሐራራው ሲያሸንፈው የድሮውን ያህል ይውጣል። በተለይ ጠጥቶ ከሆነ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ «ዳነ» ያላችሁ ሰሞን ዓይናችሁን አታንሡ። ሲቀሰቅሱት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ካዘገመ ወይም እንግዳ ማንኮራፋት ካሰማ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ በጎኑ አስተኙትና ወዲያው ወደ ሆስፒታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። «ጠጥቶ ነው፣ ይተኛ» አትበሉ።

ወዴት ላላችሁት፣ መርካቶ አቅራቢያ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ሰው አማኑኤል ሲባል «አበደ እንዴ?» ይላል፤ እናትሽም እዚያ ላይ ልትደነግጥ ትችላለች። በእሱ የምትጨነቅ ከሆነ በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ። እዚያ አይተውት ሪፈር ይጽፉላችኋል።

እና ወገቡን አትርሱት! የጀመረበት ምክንያት ሕመም ነው። ሕመሙ ካልታከመ ኪኒኑን ጥሎ ኪኒኑን ያነሣል። ለሐኪሙ ሁለቱንም አብራችሁ ንገሩ፤ ሌላ የሕመም ሕክምናና ፊዚዮቴራፒ አለ።

ስርቆቱን በተመለከተ ከእማማ ጋር ነኝ። በሱስ የተያዘ ሰው ጠዋት ሲምልልሽ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ከሰዓት በኋላ ሰውነቱ ሲያዝዘው ያ መሐላ አቅም የለውም። ስለዚህ በመሐላው ላይ አትገንቢ፣ ስለ መሐላውም አትጥዪው። የእናትሽን ስልክ የምስጢር ቁጥር ቀይሩ። ኪኒኑ ልጅሽ እጅ በማይደርስበት ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ። እሱንም በግልጽ አነጋግሪው፤ እዚያ ላይ እሺ ይልሻል ብዬ አስባለሁ፣ ልጅቷን ይወዳታል ብለሻል።

ከዱባይ

እኔ ስምንት ሰው የሚኖርበት ቤት ሠራተኛ ነኝ። ወንድሜ በምልከው ብር ነበር የሚቅመው። እናቴ ስትደውል «ሁሉ ደህና ነው» ትለኝ ነበር። እውነቱን የነገረችኝ የጎረቤት ልጅ ናት።

አሁን ጥሬ ብር አልልክም። የታናሼ የትምህርት ቤት ክፍያ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ይገባል። ጤፍና ዘይት ባለ ሱቁ በወር አንዴ ቤት ያደርሳል፣ ለእሱ እከፍላለሁ። እናቴ መጀመሪያ ላይ «አላመንሽኝም» ብላ አለቀሰች። እኔም እዚህ ኩሽና ውስጥ አለቀስኩ። ግን አልመለስኩም፤ የእኔ ወገብ የሚቆረጥበት ብር ነው። እህቴ፣ አንቺም ደመወዝሽ የሚገባበትን ሒሳብ ቤት ውስጥ ማንም አይወቅብሽ።

የልጅ እናት (ጀሞ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እማማ፣ እንዳሉኝ የንስሐ አባታችን መጥተው ነበር። እናቴን ለረጅም ሰዓት አነጋገሯት። ብዙ አለቀሰች። የማኅበሩን ገንዘብ ልታስረክብ ተስማምታለች። ክፍሌን ቆልፌያለሁ፤ በሩን እያየች ዝም አለች፤ አልተኳረፍንም።

የመገናኛው ወንድሜ፣ ያልከውን አስቤበታለሁ። ለጊዜው አላስወጣውም። ብቻውን ክፍል ውስጥ ሆኖ ትንፋሹ ቢያጥር ማን ይሰማዋል? ሲስተር የጻፈችውን ካነበብኩ በኋላ ይሄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሕክምናውን እምቢ ካለ ግን ያንተን መንገድ እሄዳለሁ።

ከወንድሜ ጋር ለብቻችን አወራን። ልጄ ስላገኘችው ማሸጊያ ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «ወገቤን ያያሉ እንጂ እንደ እብድ አያስሩኝም?» አለኝ። እንደማያስሩት ነገርኩት። ሰኞ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። እናቴ ግን መጀመሪያ እንጦጦ ማርያም ጸበል ይግባ ትላለች። እምነቴ ነው፣ እምቢ አልላትም። ሲስተር፣ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ወይ? ሰኞስ ምን ይዘን እንሂድ?

ሲስተር (የአእምሮ ጤና ነርስ)

አብረው ይሄዳሉ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሳይተዉ ጸበሉንም እንዲወስዱ መክረው ነበር። የንስሐ አባታችሁ ይህንኑ ለእናትሽ ይንገሯት። እኔ የምፈራው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ኪኒኑን በአንድ ጊዜ አስጥሎ እዚያ ማሳደር፣ ሁለተኛው ሰውነቱ በተቅማጥና በላብ በደከመበት ሰሞን ምግብና ውኃ እያስተዉ ማስጾም። መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ የመቀነሻው መርሐ ግብር በእጃችሁ ይሁን፣ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ጸበሉን ይጠመቅ፣ ማታ ቤቱ ይግባ።

«ያስሩኛል» ላለው፦ ያን ጥያቄ ለሐኪሙ ራሱ ይጠይቅ። ከሐኪሙ አፍ ሲሰማው ይረጋጋል።

ሰኞ ባዶዎቹን የኪኒን ማሸጊያዎች ያዙ፤ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ እዚያ ላይ ተጽፏል። በቀን ስንት እንደሚውጥ ራሱ ይናገር፣ አንቺ አትናገሪለት። አሳንሶ ሊናገር ስለሚችል ሐኪሙን ለብቻው አግኝተሽ የምታውቂውን ጨምሪ። ወድቆ አንቀጥቅጦት የሚያውቅ ከሆነ ይህን ሳትነግሩ እንዳትወጡ። ስለ ወገቡ የተነሣው ራጅ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። እሁድ ማታ የለመደውን አታስቀሩበት፤ ሐራራ ይዞት ወረፋ ላይ ከተቀመጠ ሳይታይ ነው ተነሥቶ የሚሄደው። በጠዋት ድረሱ።