የዱቄት ፋብሪካ ሠራተኞቻችን ዝለዋል፤ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ ደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ማርቆስ ከተማ 64 ሠራተኞች ያሉትን የስንዴ ዱቄት ፋብሪካ ማስተዳደር ከጀመርሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ሠራተኞቻችን እንደ ቀድሞው አይደሉም። ሰኞ ሰኞ ከሥራ የሚቀሩት በዝተዋል፤ ሁለት ነባር የወፍጮ ባለሙያዎች ምክንያታቸውን ሳይነግሩን ለቀዋል፤ በማሸጊያ ክፍል የምትሠራ አንዲት እኅታችን በሥራ ሰዓት ብቻዋን ስታለቅስ ሁለት ጊዜ ተገኝታለች፤ ባለፈው ወር ደግሞ አንድ ወጣት ሌሊት ላይ ቆሞ ሳለ እንቅልፍ ወስዶት እጁ በቺንጋ፣ ማለትም ማሽኑን በሚያዞረው ቀበቶ፣ ሊያዝ ለጥቂት ተርፏል።

እኛም ዝም አላልንም። ለእንቁጣጣሽ በሬ አርደን ሠራተኛውን ጋብዘናል፤ የድርጅቱ ስም የታተመበት ካናቴራም አድለናል። ሰው በዕለቱ ተደስቶ ነበር፤ በሳምንቱ ግን ሁሉም እንደነበረ ሆነ። አሁን የፋብሪካው ባለቤት መጠነኛ ገንዘብ ፈቅደው፣ የሠራተኛው ጤንነትና ደኅንነት የሚጠበቅበትን መንገድ አጥንቼ እንዳቀርብ አዘውኛል። ገንዘቡን በምን ላይ ባውለው ይሻላል ትላላችሁ? ለማብራራት ያህል፣ የወፍጮ ክፍላችን ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ 16 ሠራተኞች ስምንት ስምንት እየሆኑ በሁለት ፈረቃ፣ ማለትም ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት እና ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ይገባሉ። ለትርፉ ሰዓት በወር የተቆረጠ አበል እንከፍላለን።

መልስ፦ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ስለ ሠራተኞችዎ ተጨንቀው መጠየቅዎ ያስመሰግንዎታል። ይሁን እንጂ የችግሩ ሥር ያለው ለማብራራት ያህል ብለው በመጨረሻ በጠቀሱት ነገር ውስጥ ይመስለኛል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት ደግሞ 48 ሰዓት ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ሲሆን፣ በዚያም ጊዜ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። የእርስዎ የወፍጮ ሠራተኞች በቀን 12 ሰዓት ለስድስት ቀን ሲሠሩ በሳምንት 72 ሰዓት ይሆናል። ይህ ከመደበኛው በ24 ሰዓት የሚበልጥ ነው፤ ሕጉ ለትርፍ ሰዓት የፈቀደው ጣሪያ ሁለት እጥፍ መሆኑ ነው። ያ ወጣት ቆሞ ያንቀላፋው ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

የተቆረጠው አበልም መታየት አለበት። የወር ደመወዙ 6240 ብር የሆነ ሠራተኛ ቢኖር፣ ለ208 ሰዓት ሲካፈል የሰዓቱ ክፍያ 30 ብር ይሆናል። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ሕጉ የሚያዘው 1.5 እጥፍ ስለሆነ፣ የቀን ፈረቃው አራት ትርፍ ሰዓት 180 ብር ያወጣል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ላለው 1.75 እጥፍ ስለሆነ የሌሊቱ ፈረቃ 210 ብር ይደርሰዋል። በሳምንቱ የዕረፍት ቀን ሲሠራ 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሲሠራ 2.5 እጥፍ ነው። ይህንን በ16ቱ ሠራተኞች አባዝተው ከሚከፍሉት አበል ጋር ያስተያዩት፤ ልዩነቱን ለባለቤቱም ያሳዩአቸው።

የእኔ ምክር፣ የተፈቀደልዎን ገንዘብ ስምንት ተጨማሪ የወፍጮ ሠራተኞች ቀጥረው በሦስት ፈረቃ ወደ 8 ሰዓት ለመግባት እንዲያውሉት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ሰዎቹ ኑሯቸውን በዚያ አበል ላይ አቋቁመዋል። ሰዓቱ ሲያጥር አበሉም አብሮ ከቀረ፣ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍሉበት ያጣሉ፤ ያረፈ ሰውነት ይዘው በሌላ ጭንቀት ይታመማሉ። ስለዚህ መሠረታዊ ደመወዙ በተወሰነ መጠን ከፍ እንዲል፣ ለውጡም ከሠራተኞቹ ጋር ከተመካከሩ በኋላ ብቻ እንዲጀመር ያድርጉ።

መልስ፦ ነርስ፣ ፍኖተ ሰላም

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ጤናው ጥቂት ልጨምር። የዱቄት ብናኝ ለዓመታት ሲተነፍሱት አስም ሊያመጣ ይችላል፤ በዳቦ ጋጋሪዎችና በወፍጮ ሠራተኞች ላይ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የሙያ በሽታ ነው። ሠራተኞችዎን አንድ ቀላል ጥያቄ ይጠይቋቸው፦ ሳሉና የደረት ማፈኑ በዕረፍት ቀን ይተዋችኋል ወይ? ቤት ሲውሉ እየተሻላቸው ሥራ ሲገቡ የሚብስባቸው ከሆነ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ተራው የጨርቅ ጭምብል ደቃቁን ብናኝ አያግድም፤ ኤን 95 የሚባለው ዓይነት ያስፈልጋል። ማሽኑን በኮምፕሬሰር አየር እየነፉ ማጽዳት ብናኙን መልሶ ወደ ሳንባ መላክ ስለሆነ መቅረት አለበት፤ የሚቻል ከሆነ በሚስብ ማሽን፣ ካልተቻለም ብናኙ እንዳይነሣ በዝግታ ይጸዳ። የግል መከላከያ መሣሪያ ማቅረብ በአዋጁ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ከሠራተኛው ደመወዝ ሊቆረጥበት አይገባም።

ስለዚያች እኅታችን ደግሞ እለምንዎታለሁ፣ በሰው ፊት ምን ሆንሽ ተብላ እንዳትጠየቅ። የምታምናት ሴት ባልደረባ ወይም እርስዎ ራስዎ፣ ከማሽኑ ጩኸትና ከሰው ጆሮ ራቅ ባለ ቦታ፣ ሥራዋን እንደማታጣ አስቀድማችሁ አረጋግጣችሁላት፣ ከዚያ ምን ብናግዛት እንደሚሻል ጠይቋት። መልሷን ሳትቸኩሉ ስሙ። ምናልባት ችግሩ ከቤት ሊሆን ይችላል፤ ከፈረቃ ኃላፊም ሊሆን ይችላል። ጾታዊ ትንኮሳ ሆኖ ከተገኘ በአዋጁ የተከለከለ ስለሆነ በሽምግልና ተሸፋፍኖ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

እንቅልፍ ማጣቷ፣ ምግብ አለመቅመሷ ወይም ተስፋ መቁረጧ ከሳምንታት በላይ ከቆየ ወደ ሆስፒታል እንድትሄድ ፈቃድ ይስጧት። ጸበል እጠመቃለሁ ካለችም አይከልክሏት፤ ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ሳታቋርጥ ሁለቱንም ማድረግ እንደምትችል ይንገሯት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ ሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና ባወጣው መመሪያ ውስጥ ኃላፊዎች የሠራተኛን ጭንቀት አይተው እንዴት መርዳት እንዳለባቸው እንዲሠለጥኑ ይመክራል። ስለዚህ ከገንዘቡ ጥቂቱን የፈረቃ ኃላፊዎችዎን ለማሠልጠን ያውሉት።

መልስ፦ የቀድሞ የፈረቃ ሠራተኛ፣ ቡሬ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ በአንድ ፋብሪካ አምስት ዓመት በፈረቃ የሠራሁ ሰው ነኝ። ከድካሙ ይልቅ እስከ ዛሬ የማይወጣልኝ ነገር አለ። ወላጅ አባቴ በታኅሣሥ ወር ሲያርፉ ፈቃድ ብጠይቅ ኃላፊዬ፣ ሰው የሚሞተው በአንተ ቤት ብቻ ነው ወይ ብሎ በባልደረቦቼ ፊት መለሰልኝ። አገሬ ከጮቄ ግርጌ ስለሆነ መድረሻው ብቻ አንድ ቀን ይፈጃል። ቀብሩን ደርሼ፣ ሰልስት ሳልቀመጥ ተመለስሁ፤ የሄድሁባቸውም ቀናት ከደመወዜ ተቆረጡ። ለእንዲህ ያለ ኀዘን ሕጉ 3 የሥራ ቀናት ከነደመወዙ እንደሚፈቅድ ያወቅሁት ሥራውን ከለቀቅሁ በኋላ ነው። ስለዚህ የፈቃዱ ዓይነት ሁሉ፣ የኀዘኑም፣ የጋብቻውም፣ ሚስቱ ለወለደችለት አባት የሚሰጠው 3 ቀንም፣ በግልጽ አማርኛ ተጽፎ በበሩ ላይ ይለጠፍ።

የደመወዝ ቀንም ይከበር። በ30 እከፍላለሁ ብሎ በ8 የሚከፍል አሠሪ፣ ሠራተኛው በየሱቁ ዱቤ እየለመነ እንዲሸማቀቅ ያደርገዋል። የምግብ ዕረፍትም ይታሰብበት። በእኛ ቤት ዕረፍቱ ቀን 6 ሰዓት ላይ ነበር። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የምንጾም ሰዎች ዕረፍቱ ባዶውን ያልፈናል፤ 9 ሰዓት ሲደርስ ክበቡ ተዘግቶ ነበር። ሙስሊም ወንድሞቻችንም በረመዳን ማሽን ላይ ቆመው ነበር የሚያፈጥሩት። ይህን ማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም።

መልስ፦ የዳቦ ቤት ባለቤት፣ ደምበጫ

የበሬው ግብዣ ከንቱ እንደነበረ ተደርጎ እንዳይወሰድ እፈልጋለሁ፤ አብሮ መብላት በእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ሌላው ከተሟላ በኋላ ይቀጥል። እኔ 11 ሠራተኞች አሉኝ፤ አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ስለሆኑ በኅዳርና በታኅሣሥ ለአጨዳና ለውቂያ ወደ ቤተሰባቸው መሄድ ይፈልጋሉ። ቀድሞ እየተደበቁ ይቀሩብኝ ነበር። አሁን በመስከረም እንቀመጥና ማን በየትኛው ሳምንት እንደሚሄድ እንማማላለን፤ የዓመት ፈቃዳቸውን ከዚያ ላይ እሰጣለሁ። በሕጉ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ስለሆነ ለአጨዳው ይበቃል። ለድንገተኛ ሕመምም ያለ ወለድ የሚበደሩበት ትንሽ ተቀማጭ አለን፤ ቁልፉ ግን በእኔ እጅ ሳይሆን እነርሱ በመረጧቸው ሁለት ሰዎች እጅ ነው።

የጠያቂው ምላሽ፦ ደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ72 ሰዓቱን ስሌት ሳየው አፍሬያለሁ፤ በየቀኑ እያየሁት አንድም ቀን ደምሬው አላውቅም ነበር። ባለቤቱ ስምንቱን ሰዎች እንድንቀጥር ፈቅደዋል፤ የደመወዙን ጭማሪ ግን ገና እየተነጋገርንበት ነው። ኃላፊዎቹ በሌሉበት ከሠራተኞቹ ጋር ተሰብስበን ነበር፤ አብዛኛው ቅሬታ ስለ አንድ ሰው አነጋገር ሆኖ ስላገኘሁት ያንን ሰው ለብቻው አነጋግሬዋለሁ። እኅታችን የነገረችኝን እዚህ አላነሣም፤ ፈረቃዋ ግን ተቀይሯል፤ ሐኪምም ዘንድ ሄዳለች።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ሠራተኞቹ ሁለትና ሦስት ሰዓት ያለ ሥራ ይቀመጣሉ፤ ባለቤቱ ያ ሰዓት ከደመወዝ እንዲቀነስ ይፈልጋሉ። ተገቢ ነውን?

መልስ፦ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ተገቢ አይደለም። ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ተገኝቶ፣ እርሱ ባላመጣው ምክንያት ሥራ ከቆመ ደመወዙን የማግኘት መብት እንዳለው አዋጁ ይደነግጋል። መብራት ሲጠፋ የሚሠሩ ሥራዎችን፣ ማለትም ቺንጋ መፈተሽን፣ ግሪስ መቀባትንና የጆንያ ቆጠራን፣ አስቀድመው በዝርዝር ይያዙላቸው። ያ ካለቀ አግዳሚ ወንበር ያለበት፣ ከብናኝ የራቀ ማረፊያ ይዘጋጅላቸውና ይረፉ። በተለይ የሌሊቱ ፈረቃ መብራቱ ሲመለስ ወዲያው ማሽኑን እንዳይነካ፣ ሁሉም ሰው በየቦታው መቆሙን አንድ ሰው ዞሮ ካየ በኋላ ብቻ ይነሣ።